«አታጽዱልን» ብለን የሰጠናቸው ካሴቶችና ፍሎፒዎች፦ በብሔራዊ ትያትር አካባቢ ስላለ አንድ የማስገልበጫ ቤት

አጎቴ ሠዓሊ ናቸው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የሰርግ ቪዲዮ በሚያቀናብር ቤት ተቀጥረው፣ ቀን ቀን የሙሽሮችን ስም በምስሉ ላይ ሲጽፉ ይውሉና፣ ማታ ባለቤቱ ቁልፉን ትቶላቸው ሲሄድ በዚያው ኮምፒዩተር የራሳቸውን ሥራ ይሠሩ ነበር። ኮምፒዩተሩ አሚጋ 500 ነው። ከዚያ ዘመን የቀሩት 11 የቪዲዮ ካሴቶችና 9 ፍሎፒ ዲስኮች ከቁም ሣጥን በላይ በብስኩት ካርቶን ውስጥ ዓመታት ካሳለፉ በኋላ፣ ከጥቂት ወራት በፊት ወደ አንድ የማስገልበጫ ቤት ወሰድናቸው። ይህን የምጽፈው የዚያን ቤት አገልግሎት ሌሎች በቤታቸው እንዲህ ያለ ካርቶን ያስቀመጡ ሰዎች እንዲያውቁት ብዬ ነው።

ቤቱ በብሔራዊ ትያትርና በዋናው ፖስታ ቤት መካከል፣ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ በሚገኝ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት ክፍል ብቻ አለው፤ በፊተኛው ደንበኛ ይቀበሉበታል፣ በኋለኛው ይሠሩበታል። ባለቤቶቹ ወረፋው አሁን ካለው በላይ ከረዘመ ሥራው ይበላሽብናል ብለው ስለሰጉ ስማቸውን እንዳልጠቅስ ጠይቀውኛል፤ ሆኖም አካባቢው ደርሶ «የድሮ ካሴት የሚገለብጡት» ብሎ ለጠየቀ ሰው ከምድር ቤት ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ያሳየዋል። ሊፍት ስለሌለ አጎቴ በየፎቁ ማረፍ ነበረባቸው።

ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ከካሴቶቹ አንዱን ሌላ ቦታ አስገልብጠን ነበር። በሁለተኛው ቀን ዲቪዲው ተሰጠን፤ ሠራተኛውም በቅንነት «ምስሉን አጽድቼላችኋለሁ» አለን። በካሴቱ ላይ ያለው ሥራ ርዝመቱ አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። በጥቁር መደብ ላይ «ሀ» ብቻዋን ትቆማለች፤ ከዚያ ወደ ሁ፣ ወደ ሂ እያለች ቀስ በቀስ እስከ ሆ ሰባቱን ቤት ታልፋለች። ፊደሉ ነጥብ በነጥብ በእጅ የተሳለ ስለሆነ ጠርዙ እንደ ደረጃ የተሰባበረ ነው፤ በዚያ ጠርዝ ላይም ከቀይ ወደ ብጫ፣ ከብጫ ወደ አረንጓዴ የሚሮጥ ብርሃን አለ። በዲቪዲው ላይ ጠርዙ ለስልሶ፣ የሚሮጠው ብርሃንም ደፍርሶ ቡናማ ሆኖ አገኘነው። አጎቴ እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ተመለከቱና «ይሄ የኔ አይደለም» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካርቶኑን ማንም እንዲነካው አልፈቀዱም።

ምን እንደጠፋባቸው ለመረዳት ሥራው እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። አሚጋ እ.ኤ.አ. በ1985 ለገበያ ሲቀርብ ከ4096 ቀለማት መካከል ማስመረጡ ብርቅ የነበረ ሲሆን፣ በተለመደው የምስል ስልቱ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ግን 32ቱን ብቻ ነበር። ሠዓሊው 32 ጉድጓድ ያለው የቀለም ገበታ ተሰጠው ማለት ነው። አሚጋ 500 ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው የማስታወሻ ቦታ 512 ኪሎባይት ሲሆን፣ ገጹን የሚሞላ አንድ ባለ 32 ቀለም ሥዕል ደግሞ 50 ኪሎባይት ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ እንደ ካርቱን ፊልም በመቶ የሚቆጠሩ ሥዕሎችን ደርድሮ ማሳየት አይታሰብም። መፍትሔው ዴሉክስ ፔይንት በተባለው የመሳያ ፕሮግራም ውስጥ ነበር፤ ሥዕሉ ሳይነካ፣ በገበታው ጉድጓዶች ውስጥ ያሉት ቀለማት ብቻ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ በተርታ እንዲፈስሱ ይደረጋል። አንድም ነጥብ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ተመልካቹ ብርሃን ሲሮጥ ያያል። የጠርዙ መሰባበርና የቀለሙ ዝላይ እንግዲህ ሥዕሉ የተሠራበት ነገር ነው። ሽሮ ሜዳ ሄዶ የነጠላ ጥለት የገዛ ሰው ክሩ እንዳይታየው ብሎ አያስተኩሰውም። ጥለቱም ቢሆን ክር እየተቆጠረ፣ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ነው፤ አጎቴም ፊደሉን የሳሉት የእናታቸውን ቀሚስ ጥለት እያሰቡ እንደነበር ነግረውኛል።

በአሁኑ ቤት የተቀበለችን ባለሙያ ካሴቱን ከማንሳቷ በፊት የጠየቀችው ጥያቄ ልቤን አሳረፈው።

«ጋሼ፣ ይሄ ከካሜራ የተቀረጸ ነው ወይስ በቀጥታ ከኮምፒዩተር?»

«ከኮምፒዩተር ነው። ድምፁን ግን እኔው ክራር እየመታሁ ነው ያስገባሁት።»

«እንግዲያው ምንም አላጸዳም። የሚዘለው እንዲዘል፣ የተሰባበረውም እንደተሰባበረ እንዲቀር አደርጋለሁ። የሚቋረጥ ወይም የሚጨረጭር ቦታ ካገኘሁ የካሴቱ እርጅና ይሁን ወይስ እርስዎ የፈለጉት፣ እየደወልኩ እጠይቅዎታለሁ።»

«ጠይቂኝ ልጄ። እኔ እያለሁ ጠይቂኝ።»

ከዚያም አንድ ገጽ ቅጽ ሰጠችን። በቅጹ ላይ ቤቱ ሥራዎቹን ለሌላ ሰው እንደማያሳይ፣ በኢንተርኔትም እንደማይለቅ፣ መብቱ የሠዓሊው ሆኖ እንደሚቀጥል ተጽፎ ከታች ማኅተም አርፎበታል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪውን ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈም በኋላ ለወራሾቹ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ይህን ለደንበኛ በጽሑፍ አረጋግጦ የሚሰጥ ማስገልበጫ ቤት ግን ከዚህ በፊት አልገጠመኝም።

የካሴት ሥራቸውን በሁለት ጉብኝት ቁጭ ብዬ ተከታትያለሁ። ሦስት የቪ.ኤች.ኤስ. ዴክ (የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ) አላቸው፤ ሁለቱ ሲሠሩ ሦስተኛው ዕቃው እየተነቀለ ለሌሎቹ መለዋወጫ ይሆናል። አዲስ ዴክ ገዝቶ መተካት የማይታሰብ ሆኗል፤ እስከ መጨረሻው ሲያመርት የቆየው የጃፓኑ ፉናይ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረቱን አቁሟል። ከዴኩ የሚወጣው ምልክት መጀመሪያ የሚገባው ታይም ቤዝ ኮሬክተር ወደሚባል ሣጥን ነው። ያረጀ የካሴት ክር ሲሳብ የምስሉ መስመሮች ጊዜ ስለሚዛነፍ ምስሉ ከላይ በኩል ይጣመማል፤ ሣጥኑ መስመሮቹን እኩል ያስጀምራቸዋል፣ ቀለሙን ግን አይነካውም።

ያለፈው ዲቪዲ የደፈረሰበትን ምክንያትም እዚህ ነው የተረዳሁት። ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ምስል ሥርዓት በሴኮንድ 25 ምስል የሚተላለፍ ቢሆንም እያንዳንዱ ምስል በሁለት ግማሽ ተከፍሎ ነው የሚመጣው፤ በመጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላኛውን መስመር እየዘለለ በሴኮንድ 50 ግማሽ ምስል ይደርሰናል። የአጎቴ ቀለሞች በእነዚህ ግማሾች መካከል ይለዋወጣሉ፤ በመጀመሪያው ግማሽ ቀይ የነበረው ጠርዝ በሁለተኛው ብጫ ይሆናል። ሁለቱን ግማሾች አዋህዶ «ንጹሕ» ምስል የሚያወጣ ሰው እንግዲህ ቀዩን፣ ብጫውንና አረንጓዴውን በአንድ ሳህን እየበጠበጠ ነው፤ ቡናማው የመጣው ከዚያ ነው። እዚህ ቤት ሁለቱም ግማሾች ተለያይተው እንዳሉ ይቀመጣሉ። ዋናው ቅጂ የሚቀመጠው ኤፍ.ኤፍ.ቪ.1 በሚባል፣ ከምስሉ አንዲት ነጥብ እንኳ ሳይጥል በሚጨምቅ ስልት ነው። ሳይጨመቅ ቢቀመጥ የአንድ ሰዓት ካሴት ከ90 ጊጋባይት በላይ ሊይዝ ይችል ነበር። የስልቱ ዝርዝር መግለጫ እ.ኤ.አ. በ2021 በኢንተርኔት መሐንዲሶች ግብረ ኃይል ታትሞ ለማንም ክፍት በመሆኑ፣ የአንድ ኩባንያ ፕሮግራም ከገበያ ቢጠፋ ፋይሉ አብሮ አይሞትም። በስልክ ለማየት የሚሆን ትንሽ ፋይልም ለብቻው ይሠሩልናል፤ እሱም በሴኮንድ 50 ምስል ስለሚያሳይ ብርሃኑ አይደፈርስም።

ስድስተኛው ካሴት ሻግቶ ነበር። በመስኮቱ በኩል ሲታይ በተጠቀለለው ክር ጠርዝ ላይ ዱቄት የነሰነሱበት የሚመስል ነጭ ነገር አለ፤ ከቁም ሣጥኑ በላይ ክረምት ሲመጣ ጣራው ያፈስ እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አለን። ባለሙያዋ ካሴቱን ዴክ ውስጥ ማስገባት ይቅርና ከሌሎቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጥ አልፈቀደችም፤ ሻጋታው በዴኩ ራስ በኩል ወደሚቀጥለው ደንበኛ ካሴት ይጋባል። አፍንጫዋን ሸፍና፣ ጓንት አጥልቃ፣ ወደ በረንዳው ወጣች። አምስቱን ብሎኖች ፈታች፤ ሁለቱን ጥቅሎች ከነክራቸው አንስታ ወደ ንጹሕ ቀፎ አዛወረች፤ ከዚያም በእጅ በሚዞር መጠቅለያ ላይ ክሩን ብናኝ በማይተው ጨርቅ መካከል እያሳለፈች ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠረገችው። ይህ ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀ። በመጨረሻ ካሴቱ ሲታይ ሁለት ደቂቃ ያህሉ በነጭ ጭረት ተሸፍኖ፣ የቀረው ግን ደኅና ሆኖ ተገኘ። ጭረቱ ያለበት ቦታ ተቆርጦ አልወጣም፤ በሰነዱ ላይ ከስንተኛው ሴኮንድ እስከ ስንተኛው እንደሆነ ተመዝግቦ እንዳለ ቆይቷል።

ፍሎፒዎቹን ሌላ ቦታ ይዘን ብንሄድ «ባዶ ናቸው» ተብለን እንመለስ ነበር። ተራ የፒሲ ፍሎፒ ማንበቢያ የአሚጋን ዲስክ አያውቀውም፤ አሚጋ አንዱን ዙር በሙሉ በአንድ ትንፋሽ የሚጽፈው በራሱ አደራደር ነው። እዚህ ግሪስዊዝል የምትባል ከመዳፍ የማትበልጥ ሰሌዳ አለች። ሰሌዳዋ ዲስኩ ላይ ምን ፋይል እንዳለ ለማወቅ አትሞክርም፤ የመግነጢሱን መገለባበጥ ከነጊዜው እንዳለ ትቀዳና፣ ትርጉሙን ማውጣት በኋላ ለኮምፒዩተር ይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ክበብ አባላት አንዲ ዋርሆል በአሚጋ የሠራቸውን ሥዕሎች በሙዚየሙ ከነበሩ ፍሎፒዎች ያወጡት እንዲሁ የመግነጢሱን ምልክት በቀጥታ በመቅዳት ነበር። የዓለም ስመ ጥር ሠዓሊ ሥራ በዲስክ ውስጥ ተዘግቶ ከኖረ፣ የኛ ሰው ካርቶን እስካሁን መቆየቱ አይገርምም።

ከ9ኙ ፍሎፒዎች ስምንቱ የአሚጋ ነበሩ። አንድ የአሚጋ ዲስክ 880 ኪሎባይት ሲይዝ፣ ይህም በ1760 ክፍልፋይ ተሸንሽኖ ይቀመጣል። ስድስቱ ዲስኮች ያለ አንዳች ጉድለት ተነበቡ። ከሰባተኛው 14 ክፍልፋይ አልተገኘም፤ በዚያ ላይ የነበረው ሥዕል ከታች በኩል እንደ ተቀደደ ወረቀት ሆኗል። ስምንተኛው ሞቷል። ባለሙያዋ የብረት መከለያውን ገፋ አድርጋ ወደ መብራቱ ስትይዘው ቡናማው ልባስ በክብ ተልጦ ማዶውን ያሳይ ነበር።

የ«ሀ» ዲስክ ከዳኑት መካከል ነው። በሁለት ስክሪን ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ በግራ ዲስኩን አሚጋን በአሁኑ ኮምፒዩተር ላይ በሚያስመስል ፕሮግራም፣ በቀኝ ካሴቱን ስታሳየን አጎቴ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ቀረቡ። በዲስኩ ላይ እያንዳንዷ ነጥብ በጥርት ትቆጠራለች፤ ቪ.ኤች.ኤስ. ቀለምን የሚይዘው በጣም አደብዝዞ ስለሆነ በካሴቱ ላይ ቀዩ ከጠርዙ አልፎ ይፈስሳል። በሌላ በኩል ዲስኩ ድምፅ የለውም፤ ብርሃኑም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ፍጥነት ይሮጣል። በካሴቱ ላይ ግን ክራሩ ሲፈጥን ብርሃኑም ይፈጥናል፣ ሲዘገይ ይዘገያል፤ ጓደኛቸው ክራሩን እየሰማ የቀለሙን ፍጥነት በእጁ ይቆጣጠር ነበርና። እኔ የዲስኩን ጥራትና የካሴቱን ድምፅ አዋህደው አንድ ፋይል እንዲሠሩልን ጠየቅሁ። ባለሙያዋ መልስ ሳትሰጠኝ ወደ አጎቴ ተመለከተች።

«ዲስኩ ምልክቱ ነው» አሉ አጎቴ፣ በልጅነታቸው የዜማ ተማሪ ነበሩ። «ካሴቱ ደግሞ ዜማው። ምልክቱን ከመጽሐፉ ላይ ፍቃችሁ በዜማው ላይ አትለጥፉትም።»

ሁለቱም ለየብቻ ተቀመጡ። ይህን ቤት ከሁሉ በላይ የማመሰግነው በዚህች ቅጽበት ነው፤ ገንዘብ የከፈልኩት እኔ ሆኜ ሳለ፣ ውሳኔው የሠዓሊው መሆኑን ያውቃሉ።

ዘጠነኛው ፍሎፒ የፒሲ ሲሆን በውስጡ አንድ የጽሑፍ ፋይል ብቻ ነበረው። ተከፍቶ ሲታይ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ክምችት ነው። ባለሙያዋ ከዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ከሆነው የኮምፒዩተር አጻጻፍ ሥርዓት) በፊት በነበረ የግዕዝ ፊደል እንደተጻፈ ወዲያው ገባት፤ በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደላችንን ለላቲን በተመደቡት 256 ቦታዎች ላይ በየራሱ ዘዴ ያሰፍር ስለነበር፣ ያንኑ የፊደል ፋይል ያላገኘ ሰው ጽሑፉን ማንበብ አይችልም። ግዕዝ በዩኒኮድ የራሱ 345 ቦታ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ትክክለኛውን ፊደል ፈልጎ ማግኘት አንድ ሳምንት ወሰደባቸው፤ ጽሑፉ የሥራዎቹ ዝርዝር ሆኖ ተገኘ፣ ርዕስ፣ ቀን፣ የትኛው በየትኛው ካሴት እንዳለ። አጎቴ ረስተውት ነበር። የመጀመሪያው ፋይል ሳይነካ፣ ወደ ዩኒኮድ የተመለሰው አብሮት ተሰጠን።

የማይመቹ ነገሮችም አሉ። ሥራው ስድስት ሳምንት ይፈጃል ተብለን አሥረኛው ሳምንት ላይ ነው የተረከብነው፤ በመካከል የደወልነው እኛ እንጂ እነሱ አልነበሩም። ዋጋው የሰርግ ካሴት ወደ ፍላሽ ከሚገለበጥበት ሦስት እጥፍ ያህል ነው፤ የሻጋታ ጽዳትና ፍሎፒ ለየብቻ ይታሰባሉ። ድካሙን ላየ ሰው ዋጋው አይበዛም፤ ግን ሰዎች አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል። መብራት ሲጠፋ ባትሪያቸው ኮምፒዩተሩን እንጂ ዴኩን ስለማይዝ የተጀመረው ካሴት እንደገና ከመጀመሪያው ይሳባል፤ አንድ ያረጀ ክር በዚህ ምክንያት ሦስት ጊዜ ሲሳብ ማየት አስጨንቆኛል፣ ዴኩንም በባትሪው ላይ ማድረግ ይኖርባቸዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ሁሉንም ሥራ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ማስረከባቸው ነው። ሁለተኛ ቅጂ ካልጠየቅህ አይነግሩህም። ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ቤት ያንን ለደንበኛው መተው አልነበረበትም፤ እኔ ሌላ ዲስክ ገዝቼ ተመልሼ አስቀዳሁ፣ ሦስተኛውን ቅጂም ከከተማ ውጭ ለሚኖር ዘመድ ሰጠሁ። ፋይሉ ሳይለወጥ መቀዳቱን የሚያረጋግጥ የቁጥር ማኅተም ለእያንዳንዱ ፋይል ሰጥተውናል፤ ዝርዝሩ ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ስለሆነ አጎቴ ሊጠቀሙበት አልቻሉም።

ጊዜው አጭር ነው። የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ዓለም አቀፍ ማኅበር ባለሙያዎች፣ ዴክና መለዋወጫ እየጠፋ በመሄዱ እ.ኤ.አ. ከ2025 በኋላ የመግነጢስ ካሴቶችን በስፋት መገልበጥ እንደማይቻል ደጋግመው አስጠንቅቀዋል፤ ዩኔስኮም ከማኅበሩ ጋር ሆኖ የማስጠንቀቂያ ፕሮጀክት አካሂዷል። አዲስ አበባ ውስጥ ለአዲሱ የቪዲዮ ሥነ ጥበብ መታያ አለው፤ ሠዓሊው ዕዝራ ውቤ እ.ኤ.አ. በ2015 የመሠረተው የአዲስ ቪዲዮ አርት ፌስቲቫል ሥራዎችን ወደ ጎዳናና ወደ አደባባይ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በቪዲዮ የሚሠራው ቴዎ እሸቱም በውጭ ሆኖ በዓለም መድረክ ይታያል። እዚሁ ቀርተው፣ በሰርግ ቪዲዮ ቤትና በማስታወቂያ ቤት ኮምፒዩተር ማታ ማታ የሠሩት ግን ስማቸውም አልተመዘገበም። ወመዘክር የብራና መጽሐፍትን እንደሚጠብቅ ሁሉ እነዚህን ፍሎፒዎች የሚቀበልበት አንድ መደርደሪያ ቢኖረው፣ የአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎችም የመምህሮቻቸውን ካርቶን እየጠየቁ ቢመዘግቡ፣ ሥራው በአንድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ትከሻ ላይ ባልቀረ ነበር።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ካሴቱን ቤት ባለው ዴክ «ይሠራ እንደሆን ልየው» ብሎ አይሞክር፤ የደረቀ ክር የሚበጠሰው ያኔ ነው። በካሴቱ መያዣና በዲስኩ ላይ የተጻፈውን ሁሉ፣ የተቀደደም ቢሆን፣ ይዞ ይሂድ። ሠዓሊው በሕይወት ካለ ደግሞ ደረጃው ቢያደክማቸውም አብረው ይውጡ፤ ጥያቄዎቹ ለእሳቸው ናቸው።

የሞተውን ዲስክ ቤቱ አልጣለውም፤ «አልተነበበም» ተብሎ ቀን በተጻፈበት ፖስታ አሽጎ መልሶልናል። በላዩ የነበረው ሥዕል በአራተኛው ካሴት ላይ ደብዝዞ ይታያል። አጎቴ አሁን በየማታው ያንን ካሴት እያቆሙ፣ በአስመሳዩ ፕሮግራም ውስጥ በዴሉክስ ፔይንት ሥዕሉን ነጥብ በነጥብ እንደገና እየሳሉት ነው። ይህን ለባለሙያዋ ስነግራት ደስ አላትና ወዲያው አንድ ነገር አሳሰበችኝ፦ ፋይሉ ሲጠናቀቅ የዘንድሮ ቀን ይጻፍበት፣ ከአሮጌዎቹም ጋር በአንድ አቃፊ እንዳይቀመጥ።